የልጄን ዓይን ላድን ድሬዳዋ የወረድኩ ጊዜ

ከድሬዳዋ ከተመለስኩ ወዲህ ገበያ ስወጣም፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስም ያገኘኝ ሁሉ «እስኪ አውሪን» ይለኛል። ለአንዷ ነግሬ ሳልጨርስ ሌላዋ ትደርሳለች፤ እንደገና ከመናኸሪያው እጀምራለሁ። አፌ ደከመ። ልጄ ጽጌ በስልክ «እማዬ፣ ጻፊውና ተገላገይ» ስትለኝ ጊዜ ብዕር ያዝኩ። እኔ በማታ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ፣ ደብዳቤ ማንበብ ስችል በቃኝ ብዬ የተውኩ ሴት ነኝና በፊደሉ አትሳቁብኝ። በሌላው ግን ሳቁ፤ እኔም ስቄበታለሁ። «ማዶ ሆነን ሰላም ስንላት ዝም ብላ የምታልፍ ኩሩ» እያላችሁ የምታሙኝም ታገሡ፤ የእናንተም ነገር እዚሁ ውስጥ አለ።

ነገሩ በስልክ ነው የጀመረው። ጽጌ ድሬዳዋ ሄዳ ፊዚክስ የሚባል ትምህርት እንደምትማር ታውቃላችሁ። አንድ ቀን ወጥ እየሠራሁ ደወለች።

«እማዬ፣ ዛሬ ፀሐይን ስናይ ዋልን!» አለችኝ፣ ደስታዋ ከስልኩ ሊፈስ ደርሶ።

«ምኗን?»

«ፀሐይን! በቴሌስኮፕ። ሩቅ ያለውን አቅርቦ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ሰው እየመጣ ያያል፣ አሳዪዋ ደግሞ እኔ ነኝ።»

ጭልፋዬ ወጡ ውስጥ ገባ። ፀሐይን ትክ ብሎ ያየ እንደሚታወር ለማወቅ እኮ ፊዚክስ አያስፈልግም። በሩቁ መች አነሰና ደግሞ አቅርባ! ትንሽ ሆና ማታ ማታ ኮከብ በጣቷ ስትቆጥር «ኪንታሮት ያወጣብሻል» እያልኩ እጇን መታ መታ አደርጋት ነበር። ኪንታሮቱ በስንት ጣዕሙ!

ጎረቤቴ አስካለ ስነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ሂጂና አምጫት። ዓይን እንደ ጥርስ አይተከልም» አለችኝ። ባለቤቴ ከብቱን የሚያይለት ስለሌለ ቀረ፤ እኔ ለመሄድ ቆረጥኩ። ዓይኗ ደኅና ከሆነ ትማር፤ ትንሽ እንኳ ደብዝዞ ካገኘሁት ግን ይዣት እመለሳለሁ። ብጠይቃት «ደኅና ነኝ» ነው የምትለኝ። እግሯ ተሰብሮም «ደኅና ነኝ» ያለች ልጅ ናት። ስለዚህ ሳታውቅ መፈተን አለባት፤ በስልክ «ናፍቀሽኛል፣ ልጠይቅሽ ልመጣ ነው» ብቻ አልኳት።

በእኛ አገር የሴት ልጅ ዓይን የሚፈተነው በምስር ነው። እናቴ ለወንድሜ የታጨችውን ልጅ ቤታችን ጠርታ ምስር አስለቅማ ነው ዓይኗን ያየችው። እኔም ያልተለቀመ ምስር ቋጠርኩ። ጠጠሩ ያነሰ ስለመሰለኝ ከደጄ ምስር የሚያካክል ጠጠር መርጬ፣ ዘግኜ ጨመርኩበት። ጠበል፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጃንጥላ ያዝኩ። አንድ ትልቅ ባዶ ሻንጣም ያዝኩ፤ የጽጌን ልብስ ይዤ የምመለስበት።

ማክሰኞ

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ በሚኒባስ ገብቼ የባለቤቴ እህት ቤት አደርኩ። አልጋዋን ለቃልኝ እሷ መደብ ላይ ተኛች። ሆኖም «ድሬዳዋ እኮ እንቁላል መንገድ ላይ ይጠበሳል» ብላ አስፈራርታኝ ዓይኔ ሳይከደን ነጋ።

ረቡዕ

አውቶቡሱ ሲነሳ ገና አልነጋም። አጠገቤ የተቀመጠችው የድሬ ነጋዴ ሴት ነበረች፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ቦርሳዋን ከነልጆቿ ፎቶ ከፍታ ያሳየችኝ።

አዋሽን እንዳለፍን ደረቁ ሜዳ ላይ ቀይ ብርድ ልብስ የተከናነቡ ረጃጅም ሰዎች እዚህም እዚያም ቆመው አየሁ። አንዱም አይንቀሳቀስም። የነጋዴዋን ክንድ ቆነጠጥኩ።

«ምነው እህቴ?»

«ሰዎቹን አታዪም? መንገድ ሊዘጉብን ነው!»

በመስኮቱ አየች፣ እኔን አየች፣ ጭኗን በጥፊ መታች። «አቦ! ኩይሳ እኮ ነው! የምስጥ ቤት!»

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ረዳቱ ከፊት ሆኖ «እናቴ፣ አይስጉ፤ ትኬት ስለሌላቸው አላሳፍራቸውም» አለ። ከዚያ በኋላ ኩይሳ ባየ ቁጥር «እናቴ፣ ዘመድዎ!» እያለ ነው የወሰደን።

አሰበ ተፈሪ ላይ ሽሮ በላን። የእነሱ በርበሬ ከእኛ ይለሰልሳል፤ እንጀራው ግን ይቀጥናል፣ እጅ ያሳያል። ቁልቢ ስንደርስ ከመቀመጫዬ ተነስቼ «ገብርኤል ሆይ፣ የልጄን ዓይን» ብዬ ተሳልኩ። ከዚያ ደንገጎ የሚባለው ቁልቁለት መጣ። መንገዱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ሰው ሁሉ ወንበሩን ጨምድዶ ይዟል፤ ነጋዴዋ ዓይኗን ጨፍና በአረብኛም በኦሮምኛም ትጸልያለች። እኔ በመስኮቱ ወደ ታች ባይ የታየኝ ለስላሳ አረንጓዴና ሰማያዊ ነገር ነው።

«ምን ያምራል!» አልኩ።

ነጋዴዋ አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ወላሂ አንቺ ሴት ልብሽ የወንድ ነው» አለችኝ። በሕይወቴ ደፋር የተባልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ድሬዳዋ ስንገባ በሩ ሲከፈት የዳቦ ቤት ምድጃ የተከፈተ መሰለኝ። እኛ አገር ሰው ፀሐይ ለመሞቅ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ እዚያ ግድግዳው ራሱ ጥላ የሚፈልግ ይመስላል። «እማዬ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከሰዉ መሀል ግን የትኛዋ እንደሆነች አልለየኋትም፣ እቅፌ ውስጥ እስክትገባ ድረስ። እዚያው ጠበሉን አውጥቼ ዓይኗ ላይ እፍ አልኩባት።

«እማዬ! ምን ነካሽ?»

«የመንገድ አቧራ ነው» አልኳት፤ አቧራው ያለው እኔ ላይ ነበር።

ከዚያ ራቅ ብዬ ሦስት ጣቴን ቀሰርኩ። «ይሄ ስንት ነው?»

ጽጌ አፏን ሳትከፍት አንድ ባለባጃጅ መሀላችን ገብቶ ቆመ። «ሦስት ናችሁ? ግቡ፣ ግቡ! ሦስተኛዋ የት አለች?» ብሎ ሻንጣዬን ጫነ። የመጀመሪያው ፈተና እንዲህ ተበላሸ።

እዚያ አገር «አንቱ» የሚባል ነገር የለም። ባለባጃጁ የልጄ እኩያ ሆኖ «አንቺ፣ ጥግ ያዢ» አለኝ። የዚያን ቀን ተቆጣሁ፤ እያደር ግን ሁሉም የእናቴ ልጅ መሰለኝ።

የጽጌ አከራይ አዴ ሐሊማ ትባላለች፤ አዴ እዚያ ትልቅ ሴት የሚያከብሩበት አጠራር ነው። በሩ ላይ ቆማ «የጽጌ እናት! ነይ ግቢ፣ ቤትሽ ነው» ብላ ሳመችኝ፤ የትኛው ጉንጭ ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠፍቶኝ አፍንጫችን ተጋጨ። ፉል በዘይት ሠርታ፣ ፓፓያ ቆርጣ ጠበቀችኝ። እሷ እስላም ናት፤ ቅቤ ያልነካችው ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ረቡዕ አይደለም እንዴ? ጾምሽ አይደለም?» አለችኝ። እኔ በመንገዱ ድካም ቀኑን ረስቼው ነበር።

ሲመሽ አልጋዎቹን ሁሉ ወደ ግቢ አወጡ። እዚያ በሙቀት ወራት ሰው ሰማይ ሥር ነው የሚያድረው። «እኔ ሜዳ ላይ አላድርም፣ ጅብ ቢመጣስ?» አልኩ።

«አቦ ጅቡ ሐረር ነው ያለው። እሱም አጉራሽ የለመደ ነው፤ ካላጎረስሽው አይበላም» አለች አዴ ሐሊማ።

ክፍል ገብቼ በሩን ቀረቀርኩ። ብዙም ሳልቆይ ፍራሼን እየጎተትኩ ወጣሁ። አዴ ሐሊማ አልጋዋን ጠጋ አደረገችልኝ።

ሐሙስ

ጽጌ ክፍል ሄዳ ከሰዓት ትመለሳለች፤ ያኔ ምስሩን ላስለቅማት አሰብኩ። ከምሳ በኋላ ግን ያ ሁሉ ከተማ ሱቁን ዘግቶ ይተኛል። እኔ ቀን መተኛት የበሽተኛ ነው ብዬ ያደግሁ ሴት፣ ምስሩን ሰፌድ ላይ ዘርግቼ «ትንሽ ጋደም ልበል» እንዳልኩ እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ስነቃ አዴ ሐሊማ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ የመጨረሻውን ጠጠር ስትወረውር ደረስኩ።

«እህቴ፣ እንግዳ ሆነሽ ምስር ትለቅሚያለሽ እንዴ? እኔ ለቀምኩልሽ» አለች። ከዚያ የጠጠሩን ክምር አሳየችኝ። «ግን ያገርሽ ነጋዴ ምን ዓይነት ሌባ ነው? ያ አላህ! ይሄ እኮ ቤት ይሠራል!»

ምን ልበል? «አዎ፣ ተበላሽተዋል» አልኩ። እሷ ግን አልለቀቀችኝም፤ ለገባ ለወጣው ጎረቤት ሁሉ ጠጠሩን እያሳየች «ደብረ ብርሃን ይሄን ነው የሚሸጡት» ስትል አመሸች። የደብረ ብርሃን ነጋዴዎች ሆይ፣ ይቅር በሉኝ።

በዚያው ቀን ዶሮ አምጥታ ለጎረቤቷ ክርስቲያን ሰጠች፤ እሱ ባርኮ አረደው፣ ሚስቱ በራሷ ድስት ሠራችው። አዴ ሐሊማ አልቀመሰችውም፤ ግን ቆማ «ብዪ፣ ብዪ» እያለች አስጨነቀችኝ።

ዓርብ

መርፌና ክር ይዤ «ጽጌ፣ የቀሚሴ ጠርዝ ተተርትሯል፣ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አስገቢልኝ» አልኩ። እጇ መርፌው ጋ ሳይደርስ አዴ ሐሊማ ቀሚሱን ነጥቃ «መኪና እያለ በእጅ?» ብላ በስፌት መኪናዋ ድርግም አደረገችው፤ ያልተተረተረውንም ጭምር። የዚያች ሴት ደግነት ሊገድለኝ ነው። ሙሸበክ የሚባል እንደ ማር የሚጣፍጥ ነገር አጉርሳኝ ቁጣዬንም አስረሳችኝ።

ማታ ግን ሆዴ አልቻለም። «ጽጌ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ዓይንሽ እንዴት ነው?» አልኳት።

ባዶዋን ሻንጣ አየች፣ እኔን አየች። ገባት። «ልትወስጂኝ ነው የመጣሽው?»

ሻንጣዋን በእግሬ ወደ አልጋው ሥር ገፋሁ።

«እማዬ፣ ነገ ፀሐይን እናሳያለን። መጀመሪያ ነይና እዪ፣ ከዚያ የምትይኝን እሰማለሁ» አለችኝ። እኔም ሌሊቱን በሙሉ የእሷን አልጋ ስመለከት አደርኩ።

ቅዳሜ

በጠዋቱ በባጃጅ ከዚራ ወዳለ አንድ የትምህርት ቤት ሜዳ ሄድን። ከዚራ ዛፉ የበዛ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ሰፈር ነው። መሣሪያው የውኃ ቱቦ ይመስላል፤ በሦስት እግሩ ቆሞ አፉን ወደ ፀሐይ ከፍቷል። ተማሪው፣ ባለባጃጁ፣ ጫት ሻጯ ሁሉ ከቦታል። ጽጌ ከመሀል ጎንበስ ብላለች። ያ ቱቦ፣ ያቺ ፀሐይ፣ የልጄ ዓይን! አላስቻለኝም። ሰዉን በክርኔ ገፍቼ ገባሁና ጃንጥላዬን ከቱቦው አፍ ላይ ዘረጋሁ።

«እንዴ! ፀሐይ ጠፋች!» አለ ሰው ሁሉ።

«እማዬ!»

«አትነካኳት! ዓይኗን ልታጠፉ ነው!» አልኩ፣ ጃንጥላዬን እንደ ጋሻ ይዤ።

አንድ ባለባጃጅ ከኋላ «ተዋት አቦ! ድሬ ላይ ፀሐይን ያጠፋ ሰው ሐውልት ይገባዋል!» ብሎ ጮኸ። ሰው በሳቅ ወደቀ። ጫት ሻጯ «እናቴ፣ እስከ ማታ ያዢልን፣ ምሳሽን እኛ እናመጣለን» አለች።

ጽጌ እየሳቀች፣ ዓይኗም እንባ አቅርሮ፣ እጄን ያዘች። «እማዬ፣ ወደ የት እንደማይ እዪኝ።»

አየሁ። ለካ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ነው የቆመችው! ከቱቦው የሚወጣው ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ ያርፋል፤ ሰው የሚያየው ወረቀቱን ነው። «በቱቦው ማንም አያይም፤ ያየ ይታወራል። መጀመሪያ የማስተምረው ይሄንን ነው» አለችኝ። እኔ የማውቀውን ነው የምታስተምረው! ትንሽ አፈርኩ፣ ትንሽም ኮራሁ።

ጃንጥላዬን አጠፍኩ። ፀሐይ ወረቀቱ ላይ ወረደች፤ ሳህን የምታህል፣ ክብ፣ ጸጥ ያለች። ጠጋ ብዬ ሳይ ፊቷ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ አለ።

«ይሄማ ማድያት ነው» አልኩ።

«ትክክል፣ የፀሐይ ማድያት። ይቺን ታያለሽ? መሬታችን በሙሉ ትገባባታለች።»

«ከነደብረ ብርሃን?»

«ከነድሬዳዋ፣ ከነባሕሩ።»

ያቺ የሰናፍጭ ፍሬ የማታክል! ምስሬ ውስጥ የጨመርኩት ጠጠር እንኳ ለቃሚ አግኝቷል፤ እኛ እዚያ ብንወድቅ ግን የሚለቅመን የለም። ማተቤን ያዝኩ።

ግን ልቤ ሙሉ በሙሉ አላመነም። ሲመሽ ጨረቃን በቀጥታ፣ ዓይንን ቱቦው ላይ አድርጎ ነው የሚታየው አሉ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ አዴ ሐሊማም መጣች። ግማሽ ጨረቃ ወጥታለች። አዴ ሐሊማ ቀድማ አየችና «ያ ረቢ! ፊቷን ፈንጣጣ በልቶታል!» አለች። «ነይ፣ የጽጌ እናት፣ እኔ አልሞትኩም እኮ።»

አማትቤ ቀረብኩ። ዓይኔን ሳስጠጋ የታየኝ የፈሰሰ ወተት ነው። ነጭ ጭጋግ ብቻ።

«ምንም የለም» አልኩ።

«ይቺን ቁልፍ አዙሪያት፣ ቀስ ብለሽ፣ እስኪጠራልሽ» አለች ጽጌ። አዞርኩ። አሁንም አዞርኩ። «እማዬ፣ ይበቃል» ስትለኝም አዞርኩ። ድንገት ጭጋጉ እንደ መጋረጃ ተሰበሰበ።

አቤት! የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ አመድ ላይ ሲያርፍ የሚተወውን ጉድጓድ ታውቁታላችሁ? እሱ ነው፤ ጨረቃዋን ሞልቷታል። እያንዳንዱ ጉድጓድ ጠርዝ አለው፤ ጠርዙ ጥላ አለው። ያን ያህል ሩቅ ያለ ነገር ያን ያህል ጠርቶ አይቼ አላውቅም። ሰልፈኛው ሲያጉረመርም ነው የለቀቅሁት።

ቀጥላ ጽጌ ለሚቀጥለው ሰው ልታስተካክል ጎንበስ አለች። «እንዴ! ምን አደረግሽው? ጭጋግ እኮ ነው!» አዴ ሐሊማም አየች፤ ጭጋግ። ጽጌ አስተካከለችው፤ እኔ አየሁ፤ ጭጋግ። ራሴ አዞርኩት፤ ጠራ። እነሱ አዩ፤ ጭጋግ።

ሰው ሲስቅ ጽጌ ግን አልሳቀችም። ወደ ሜዳው ጫፍ፣ አምፖሉ ሥር ሄደች። ከዚያ ድምፅዋ መጣ።

«እማዬ! ይሄ ስንት ነው?»

«ምኑ?»

«ጣቴ!»

«አንቺ ራስሽ የት ነሽ?» አልኩ።

አዴ ሐሊማ ቀስ ብላ ክንዴን ያዘች። «እህቴ፣ ሁለት ነው። እጇን እያወዛወዘችልሽ ነው» አለችኝ።

እሑድ

ከቅዳሴ በቀር ምንም አላስታውስም። የልጄን ዓይን ላድን መጥቼ እኔ ልታወር ነው ብዬ ጠበሉን በሙሉ ራሴ ላይ ጨረስኩት። ጽጌ «እማዬ፣ ቅርቡን ደኅና ታያለሽ፤ ሩቁ ነው የደበዘዘብሽ። መነጽር ነው የሚያስፈልግሽ» ትላለች፤ ማን ይሰማታል።

ሰኞ

የዓይን ሐኪም ቤት ግድግዳ ላይ ፊደል ሰቅለው «አንብቢ» አሉኝ። «ፊደል የት አለ?» አልኩ። በቃ፣ ፈተናው አለቀ። ሐኪሟ «ነገሩ ልክ ልጅሽ እንዳለችው ነው፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም፤ አትታወሪም» አለችኝ፤ ያን ጊዜ ተነፈስኩ። ከቀን እንቅልፍ በኋላ መነጽሩ ደረሰ።

ከመነጽር ቤቱ ስወጣ ዛፉ ቅጠል አለው። አንድ አረንጓዴ ነገር አይደለም፤ አንድ አንድ ቅጠል። ከከተማው ጀርባ ተራራ አለ፣ ተራራው ላይ ፍየል አለ። መንገድ ማዶ የቆመች ሴት እጇን ስታወዛውዝ አየሁ፤ አዴ ሐሊማ ናት፤ ፊቷ ላይ ያለው ሳቅ ከማዶ ታየኝ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ እኔ በሕይወቴ የፈራሁት ነገር ግማሹ ኩይሳ ነበር።

ማክሰኞና ከዚያ ወዲህ

ጽጌ ቀረች። ባዶዋን ሻንጣ አዴ ሐሊማ ሞላቻት፤ ሙሸበክ፣ ፓፓያ፣ ሽርጥ ለባለቤቴ። ከላይ ደግሞ አንድ ከረጢት የተለቀመ ምስር፤ «ከዚያ ሌባ ዳግመኛ እንዳትገዢ።» ስንሳሳም አፍንጫችን አልተጋጨም።

የደንገጎን ዳገት በመነጽር ወጣሁ። እመቤቴ! ያ ገደል ነበር እንዴ? ጎማው ጥግ፣ ታች ደግሞ የተገለበጠ መኪና ቀይ ሆኖ። እስከ ቁልቢ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጭንቅላቴን ወንበር ሥር ቀብሬ ነው የተጓዝኩት። ደፋርነቴ በመነጽር አለቀ።

እዚህ ከገባሁ ደግሞ አስካለ «ኩራቷን ድሬዳዋ ጥላ መጣች፤ አሁንማ ማዶ ሆና ቀድማ ሰላም ትላለች» ትላለች አሉ። እህቶቼ፣ ማዶ ስትሆኑ አትታዩኝም ነበር። ይኸው ነው።

ባለፈው መብራት የጠፋ ጊዜ፣ ጨረቃ ገና ሳትወጣ፣ ጋቢዬን ደርቤ ደጅ ወጣሁ። እኔ ኮከብ ከልጅነቴ ወዲህ ያረጀ፣ ብርሃኑ የደከመ ይመስለኝ ነበር። ቀና አልኩ። አንዱም አላረጀም። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር የተዘረገፈ፣ ማንም ለቅሞ የማይጨርሰው ምስር ነው። ስልኬ ጮኸ፤ ጽጌ ናት።

«እማዬ፣ አሁንም ልትወስጂኝ ትመጫለሽ?»

«እዚያው ቆዪ» አልኳት። «አንቺ ከዚያ አሳዪ፤ እኔ ከዚህ እያየሁ ነው።»

አስካለ መብራቱ የጠፋው የእሷ ቤት ብቻ ይሁን ልታጣራ ኩራዟን ይዛ ወጣች። አንገቴን ወደ ላይ አቅንቼ ስታገኘኝ ደነገጠች። «ምን ሆንሽ? ምን ጠፋብሽ?»

«ምንም አልጠፋብኝም» አልኳት። «እነዚህ ኮከቦች ስንት ዘመን ሰላም ሳልላቸው ያለፍኳቸው ናቸው። ተይኝ፣ ሰላምታዬን ልጨርስ።»